አየሽው ወይስ ሰማሽው?

ሰመራ ውስጥ አንድ አዳራሽ ለስብሰባ ተጠርቼ፣ ሻይ ሳይቀርብ ተነሥቼ ወጥቻለሁ። የጠሩኝ ሰዎች እስከ ዛሬ ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ዓለም ቀውስ፣ የሰው ልጅ ስለሚያስፈልገው አዲስና ብልህ ሥልጣኔ ያስረዳ ነበር። ከኋላው ግድግዳው ላይ በመብራት የተሣለች መሬት ትዞራለች። ከዚያ በቡድን ከፋፍሎን «የምትመኙትን ዓለም ጻፉ» ብሎ ባለቀለም ወረቀት አደለ። እስክሪብቶውን መልሼ ሰጠሁትና፣ «አንተ ልጅ፣ ካዳራሹ ውጭ ዛሬ ጠዋት ምን አየህ?» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ቦርሳዬን አንሥቼ ሄድኩ።

የእህቴ ልጆች «አክስታችን ቁጡ ናት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለ ዓለም በሙሉ የሚያወራ ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ የሚፈላበትን ምክንያት ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ያ አዳራሽ የቆመበት ቦታ በወጣትነቴ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበር። ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም። እኔ የነበርኩት አዋሽ ነው፤ በደርግ ዘመን፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ። ከደጋ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ። ምደባው የደረሰኝ ዕለት አልቅሻለሁ፤ ከደረስኩ በኋላ ደግሞ ሙቀቱንም፣ ዝንቡንም፣ የባቡሩንም ፉጨት በየተራ ጠላሁ። ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት መኪናው ብረት ጣት ስለሚፈጅ እርጥብ ጨርቅ አጠገቤ አስቀምጥ ነበር። ስቴንስሉ፣ ያ ሰም የተቀባው የማባዣ ወረቀት፣ በሙቀቱ ይለሰልስና ፊደሉ ሲመታው ይቀደዳል፤ አንድ ገጽ ለማውጣት ሦስት አበላሻለሁ።

ጽሑፉ ራሱ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ከበታች ሪፖርት ይመጣል፤ አሳምሬ ገልብጬ ወደ በላይ እልካለሁ። ከበላይ መመሪያ ይመጣል፤ ገልብጬ ወደ በታች እልካለሁ። «የዘንድሮው ዝናብ በቂ ነው» ብዬ ስጽፍ በደጃችን አጥንቱ የሚቆጠር ከብት ይነዳ ነበር። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው ያምናውን ሪፖርት ገልብጦ ነው፤ ያምናው ደግሞ የካቻምናውን። ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ለጥጥ እርሻ ከተወሰደ ወዲህ የአፋር ከብት በደረቁ ወራት የሚወርድበት ሣር አጥቷል። ይህን አዋሽ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔ በጻፍኩት ወረቀት ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወጣም።

አለቃችን ካድሬ ነበር። ባሕር ማዶ ስድስት ወር ተምሮ የመጣ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ያማረ ሰው። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለ፤ መቅረት የለም። የዓለምን ካርታ ምስማር ላይ ይሰቅልና ስለ አሮጌው ዓለም ቀውስ፣ ስለሚመጣው የሰው ልጅ ሥልጣኔ ይተነትናል። ረሃብ የሌለበት፣ ወሰን የሌለበት፣ ሰው በሰው ላይ የማይሰለጥንበት ዓለም። ንግግሩ ያምር ነበር፤ አልክድም። እኔ ራሴ ሁለት ሦስት ጊዜ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። የሚያናድደኝ ውሸታም ስለነበረ አይደለም፤ የሚናገረውን ያምንበታል። ግን ንግግሩን ሲጀምር አቧራ ይገባል ብሎ የመንገዱን መስኮት ያዘጋ ነበር።

ዘበኛችን አፋር ነበሩ፤ ጺማቸው የሸበተ፣ ከመንግሥት ካፖርት ሥር ጊሌያቸውን፣ የአፋሮቹን ጩቤ፣ የሚታጠቁ ሽማግሌ። አስተርጓሚም እሳቸው ነበሩ። ጠዋት ስገባ እንደምን አደሩ ብዬ ማለፍ አልችልም። ድንጋያቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ እኔንም ደረጃው ላይ ያስቀምጡኝና፣

«ከየት መጣሽ?» ይሉኛል።

«ከቤቴ ነዋ፣ አባባ።»

«መንገዱ እንዴት ነው? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ከቤቴ እስከ ቢሮው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ምን ልይ? «ምንም የለም» እላለሁ።

«ምንም የለም የሚባል የለም። ዓይንሽን ቤት ቆልፈሽበት መጣሽ?»

መጀመሪያ ወሬኛ ሽማግሌ መስለውኝ ነበር። ቀስ በቀስ ገባኝ። አፋሮች ዳጉ ይሉታል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ቢቸኩሉም ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የት በሽታ ገባ፣ ማን ከማን ተጣላ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ። ሰማሁ ካልክ አድማጩ «ከማን?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ሳይጠይቅ ተቀብሎ ቢያስተላልፍ ጥፋቱ የእሱም ይሆናል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ሰላምታ አይነፈግም፣ ውሃም አይከለከልም። ከዚያ በኋላ ግን ዳጉ የሚጠይቀው የለም። ያን ውሸት ተቀብሎ ያቀበለም ሰው እንዲሁ።

አንድ ቀን «አዋሽ አርባ ላይ መንገድ ተቆርጧል» አልኳቸው።

«አየሽው?»

«ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ምሳ ከምበላበት ሆቴል ሴትዮ።»

«እሷስ ከማን?»

ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ እንድጠይቅ አደረጉኝ። ሴትዮዋ ከሹፌር ነው የሰማችው። ሹፌሩን ጥላ ሥር ተኝቶ አገኘሁትና ቀሰቀስኩት፤ የተቆረጠው መንገድ ሳይሆን የእሱ ጎማ ነው የፈነዳው። ስመለስ ዘበኛው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። አዋሽ ከገባሁ ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ እርምጃው ረዘመብኝ። የማን በር እንደተዘጋ፣ የትኛዋ ላም እንዳነከሰች፣ የወንዙ ውሃ ስንት ድንጋይ እንደጎደለ እያየሁ እሄድ ጀመር። ደጋ ያሉት ዘመዶቼ ስለ አዋሽ ሙቀት ሲጠይቁኝ ስለ ሣሩ እጽፍላቸው ነበር።

ዘበኛውም ክበቡ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ግዴታ ነው። አንድ ሰኞ ካድሬው «ልጅ በረሃብ የማይሞትበት ሥልጣኔ ሕልም አይደለም፤ በሌሎች አገሮች እውን ሆኗል» ሲል ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ።

«አየኸው ወይስ ሰማኸው?»

ካድሬው ፈገግ አለ። «አንብቤ ነው፣ አባት።»

«ከማን?»

የአንድ ትልቅ ሰው ስም ጠራ።

«እሱስ ሄዶ አይቶት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሐረቤን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነበር። ካድሬው ካርታውን ከምስማሩ አወረደ፣ ጠቀለለ፣ ከዚያ ማን ማን እንደሳቀ አንድ በአንድ አየ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ከአንድ ወር በፊት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በአንዲት ቀልድ ተወስዶ አልተመለሰም ነበርና ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ድርቁ ጠንቶ የዕርዳታ እህል መጥቶልን መጋዘናችን ገብቷል። ማክሰኞ ዕለት ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ እህሉ በሰሜን በኩል ወዳለችው ገዋኔ ከተማ ተወስዶ በሚመጣው ሳምንት እንደሚታደል የሚገልጽ። ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ረቡዕ ደግሞ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የጭነት መኪኖቹ ለአብዮቱ በዓል ሰልፈኞች ማጓጓዣ ስለሚፈለጉ እህሉ እስከ በዓሉ ማግስት ባለበት እንዲቆይ የሚያዝ። ደብዳቤው ጥብቅ ምሥጢር የሚል ማኅተም ተመታበት። ማስታወቂያውን ያነሣ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ዘበኛው ድንጋያቸው ላይ አልተቀመጡም፤ ቆመው ጠበቁኝ። መንገዱ ማዶ ወደ እህታቸው የሚሄድ አንድ ግመል የያዘ ሰው ቆሟል።

«እህቴ ከነልጆቿ፣ ከነፍየሎቿ ወደ ተራራው ሥር ልትሻገር ነው» አሉኝ። «እዚያ ጥቂት ሣር አለ። ያየ ሰው ነው የነገረን። እዚህ ደግሞ ወረቀቱ ገዋኔ እህል አለ ይላል። ተራራው ወዲያ ነው፣ ገዋኔ ወዲህ ነው፤ ሁለቱም ጋ መድረስ አይቻልም። ወረቀት አይጠየቅም፣ አንቺን ልጠይቅ። እህሉ ሲጫን አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

ካድሬው በረንዳው ላይ የበዓሉን ጨርቅ ያስቀባ ነበር። ድምፃችንን ሰምቶ ወደ እኛ ዞረ። ቀይ ቀለም የያዘው ሰው እንኳ ብሩሹን አቆመ።

በፍርሃት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ፈርቻለሁ፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ትዝ ብሎኛል። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሞቆኝ ነበር፣ ጠዋቱን ሁለት ስቴንስል አበላሽቼ ተናድጄ ነበር፣ ነገሩ ቶሎ አልቆ ወደ ጥላው መግባት ፈልጌ ነበር። ደግሞም በዓሉ ካለፈ እህሉ መሄዱ አይቀርም፣ ጥቂት ቀን ምን አላት ብዬ ነበር። ሰው ትልቅ ጥፋት የሚያጠፋው ትልቅ ነገር አስቦ አይደለም።

«አይቻለሁ» አልኩ።

«ሲጫን?»

«ሲጫን አይቻለሁ፣ አባባ።»

«ከማን» አላሉኝም። አየሁ ያለ ሰው እንዲያ አይባልም። ትከሻዬን መታ አድርገው ወደ ባለግመሉ ተሻገሩ። ሰውየው ወዲያው አልሄደም፤ ቁጭ ብለው ዳጉውን ተለዋወጡ፣ ውሃ ጠጣ፣ ግመሉን አስነሣ። በመስኮት ሁሉንም አይቻለሁ። ሮጬ «ተሳስቻለሁ» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አዲስ ስቴንስል አስገባሁ።

በዓሉ መጣ። መኪኖቹ ሰልፈኛ ጭነው በዋናው መንገድ ሲያልፉ እኛ በየደጁ ቆመን አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጨርቁ ላይ በቀይ የተጻፈው ስለ ጭቁን የዓለም ሕዝቦች ነበር። ከበዓሉ በኋላ ዘበኛው ሳያስፈቅዱ ጠፉ። ድንጋያቸው ባዶውን ዋለ።

የነገረችኝ የሆቴሏ ሴትዮ ናት። ወሎዬ ነበረች፤ ምላሷ የማይመለስ፣ እጇ የማይሰስት እናት። ሽሮውን ፊቴ አስቀመጠችና እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ አጠገቤ ቆመች።

«ሹፌሮቹ ከገዋኔ ገቡ» አለች። «ያ አላህ! አስፋልቱ ዳር ፍየሉ ተጋድሟል አሉ። ሰዉ ባዶ መጋዘን ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እህል የለም፣ ተነሡ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ሲጫን በዓይኗ ያየች አለች፣ ይመጣል ይላሉ አሉ። የዘበኛው እህት ሕፃን ልጇን እዚያው ቀበረች፤ አላህ ይዘንላት።» ከዚያ ዝቅ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ያየሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ወላሂ አላመንኳቸውም። አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ሽሮው ጨው በዝቶበታል» አልኳት።

ሳህኑን አነሣችው። ከዚያን ቀን በኋላ ምግብ ትሰጠኝ ነበር፤ ልጄ ማለቷን ግን ተወች።

ዘበኛው ከሳምንት በላይ ቆይተው ተመለሱ። «ሰላም ነሽ?» አሉኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው መፋቂያቸውን ያኝኩ ጀመር፤ ሌላ ምንም አላሉኝም። ወተት ይዘው የሚመጡት የአፋር ሴቶችም፣ ከባቡር ጣቢያው ጥላ ሥር የሚያርፉት ባለግመሎችም ሰላም ይሉኝና ያልፋሉ። የስድብ ቃል የወጣው የለም። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። እንደ እኔ ዳጉ የሚጠይቀው ያጣ ሌላ ሰው እንዳለ ያኔ ልብ አላልኩም።

ዛሬ ዳጉን እያወደሱ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ያወድሱ፤ ግን የእኔን ውሸት ከአዋሽ እስከ ገዋኔ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጅቡቲ ወሰን፣ ወደ ዲቾቶ በኩል ያደረሰው ያው ዳጉ ነው። ደህና ቧንቧ ምን ቢገባበት ያደርሳል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ያፈሰስኩበትን እነሱ አምነው ጠጡት። የካድሬውን ንግግር ግን ማንም አምኖ አንድ ፍየል እንኳ አልነዳም።

በሚቀጥለው ሰኞ ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ ማለት ተነሥተህ ጥፋትህን በሰው ፊት የምትናገርበት ስብሰባ ነው፤ ጥፋትህ ምን እንደሆነ ግን ቀድሞ የሚወስን ሌላ ሰው ነው። ካድሬው ያን ጠዋት አንድ ገጽ አጽፎኝ ነበር። ገጹ ዘበኛው በራሳቸው አንደበት የሚናገሩት ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ «ያልተጨበጠ አሉባልታ ነዝቼ ሰፊው ሕዝብ ያለጊዜው ወደ ገዋኔ እንዲጎርፍ አድርጌያለሁ» ይላል። ግድግዳው ላይ የነበረው ማስታወቂያ ተነሥቷል፤ የተለጠፈበት ቦታ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ እንዳነብላቸው ታዘዝኩ።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ቀና ስል ዘበኛው እያዩኝ ነበር፤ ዓይናቸው ላይ ቁጣ ባገኝ ኖሮ አነበው ነበር። ምንም አልነበረበትም። ምንም ከማይጠበቅባት ሰው ምንም አልጠበቁም። ያ አናደደኝ። በካድሬው ተናደድኩ፣ በተጠቀለለው ካርታው ተናደድኩ፣ በተዘጋው መስኮት ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ።

«ይህን አላየሁም» አልኩ። «ያየሁትን ልናገር። እህሉን እዚህ መጋዘን ውስጥ አይቻለሁ። ማስታወቂያውን እኔ ጽፌዋለሁ። መኪኖቹ ለሰልፍ ይሁኑ የሚለውንም ደብዳቤ እኔ ጽፌዋለሁ። ሲጫን አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። አላየሁም።»

 ካድሬው አልጮኸም። «ጓዲት ሙቀቱ በርትቶባታል» አለና ስብሰባውን ዘጋ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጥራ፤ ለዚያች ሕፃን ምን ሊያደርግላት? እኔን ሁለት ሳምንት ፖሊስ ጣቢያ አስቀምጠው አስፈራርተው ከሥራ አሰናበቱኝ። ሽማግሌውንም አሰናበቷቸው፤ የመንግሥቱንም ካፖርት ገፈፏቸው። ካድሬው ዕድገት አግኝቶ ሄደ ሲባል ሰምቻለሁ። አላየሁትም።

ወደ አገሬ የምሄድ ዕለት ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ግራር ሥር የጭነት መኪና እጠብቅ ነበር። ሽማግሌው ከባቡር ጣቢያው በኩል ብቻቸውን መጡ። ያልፉኛል ብዬ አቀረቀርኩ። አላለፉም። ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ከየት መጣሽ?» አሉኝ።

 ለሳምንታት እንዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና ሻንጣዬን ትቼ እኔም መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከፖሊስ ጣቢያ መምጣቴን ነገርኳቸው። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ ከእገሌ ሰማሁ እያልኩ አንዱንም ሳላቀላቅል ነገርኳቸው። መጋዘኑ በር ዛሬም ዝግ መሆኑን፣ ወንዙ ሁለት ድንጋይ መጉደሉን፣ የሆቴሏ ሴትዮ ቁልቋል አጥሯን ማሳጠሯን። እያንዳንዱን ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉኝ። ይቅር ያሉኝ መሰለኝ፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ያን ደስታዬን ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ስጨርስ የመጠየቁ ተራ የእኔ ሆነ። በሕጉ መሠረት የጠየቀህን መልሰህ ትጠይቃለህ።

«እርስዎስ፣ አባባ፣ ምን አዩ?»

«ገዋኔ ሄድኩ። የእህቴን ልጅ በእጄ ቀበርኩ። ይሄን አይቻለሁ። ሰላሳ ፍየል ነበራት፣ አንድ ቀርቷል። ይሄንንም አይቻለሁ። ሰው አሁን ዳጉ አይጠይቀኝም። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ሰላም ብሎኝ ያልፋል፤ ለዚህ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።»

«ምን ሰሙ?» አልኩ።

«ገዋኔ እህል አለ፣ ሲጫን የታየ ነው የሚል ሰማሁ። ለእህቴም ያቀበልኩ እኔ ነኝ።»

 ዱላቸውን እንደያዙ ይጠብቁኝ ነበር። መኪናው ከሩቅ ይታየኛል፣ አቧራው ተነሥቷል፣ ዝም ብዬ ብነሣ ማንም አይዘኝም። ግን ሰማሁ ላለ ሰው የሚመለሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

«ከማን?» አልኳቸው።

«ካንቺ» አሉኝ።